ክርክር፦ ልቦለድ ውስጥ ሱስ በምን ያህል ዝርዝር ይጻፍ?

አወያይ፦ የቀረበልን ረቂቅ የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ታሪክ ነው። ልጁ ጫትም አረቄም ይወስዳል፣ ማታ ማታ የተሰረቀ ሞባይል ያሻግራል። ግማሾቻችሁ «ዝርዝሩ ይቀነስ፣ ማስተማሪያ ይሆናል» ብላችኋል። ተከራከሩበት።

ፋሲሎ፦ ይቀነስ ባይ ነኝ። በርጫው (የጫት መቃሚያው ጨዋታ) ሦስት ገጽ ወስዷል፦ ጫቱ ከኮባ ሲፈታ፣ ለውዙ፣ ዕጣኑ፣ ጨዋታው። ዱካኩ (ከጫት በኋላ የሚመጣው ቅዠት) ግን አንድ መስመር፦ «ሌሊት ቃዠ»። ይሄማ ማስታወቂያ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እንዲያ ከሆነ በርጫውን አትቁረጠው፣ አስጨርሰው። 100–200 ግራም ቅጠል የቃመ ሰው ደም ውስጥ ካቲኖን (የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር) ጣሪያ የሚነካው ከጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላ ገደማ ነው። ከዚያ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጨብሲ (ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ) ፍለጋ ይወጣል። ልጁን አረቄ ቤት ያደረሰው ይሄ ነው። ረቂቁ ግን «ክፉ ጓደኛ» ፈጥሮ አላከከበት። (ክፉ ጓደኞች ከልቦለዶቻችን በጡረታ ቢሰናበቱ ምን አለበት?) ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ሦስት ቀን የደበቀውን ጫት በውድ ይሸጣል። ማን ይገዛዋል? ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ በኮባ የሚጠቀለለውም እርጥበቱ እንዳያመልጥ ነው።

ነጭ ጋዋን፦ ምዕራፍ 7 ላይ ጣቢያ ገብቶ «ጫት በማጣቱ ተንቀጥቅጦ ወደቀ» ይላል። ጫት ያጣ ሰው ይደበራል፣ ይነጫነጫል፣ ይተኛል፣ ይቃዣል። የሚያንቀጠቅጠው አረቄው ነው። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ከጀመረ ሳይታከም ሊሞት ይችላል። «እያስመሰለ ነው» ብሎ የሚያልፈው ፖሊስ ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ አለማወቁ ይበቃል።

አንቀጽ 19፦ በሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ረቂቁ ልጁን አሥር ቀን ያለ ዳኛ ያስቀምጠዋል፣ ማንም ልብ አይልም። ሆን ተብሎ ከሆነ እዚያው ክፍል ያለ አንድ እስረኛ ቀኑን ይቁጠርበት። የነጭ ጋዋንን ሰዓት ከእኔ ጋር ግጠሙት፦ ልጁ ዳኛ ፊት የሚቆመው ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ችሎቱ ደግሞ የጥፋተኛ ፍርሃት ይመስለዋል። ክሱም ይታረም፤ ጫት መያዝ ወንጀል አይደለም። መከሰስ ያለበት የተሰረቀ ዕቃ በመሸሸግ ነው።

ፋሲሎ፦ ይሁን፣ ሰዓቱ ይግባ። የሞባይሉ አከፋፈትስ? አንድ ገጽ ሙሉ እኮ ነው። እሱን በምን ትከላከሉለታላችሁ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ አልከላከልለትም፣ ይውጣ። ስልኩ ሲከፈት የሕፃን ልጅ ፎቶ ይወጣል፤ እሱን ለመሰረዝ ስንት ጊዜ እንዳመነታ ይጻፍልኝ። እሱ ማንንም ሌብነት አያስተምርም።

ፋሲሎ፦ አመንትቶ ከሰረዘው ግን አንባቢ ያዝንለታል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይዘንለት። ስልኩን የተሰረቀችው ሴትም ምዕራፍ 8 ላይ ትምጣ፣ ለእሷም ይዘን።

ዘጌ፦ አንድ ነገር ብቻ፦ ታሪኩ 2014 ዓ.ም. ነው፣ ልጁ ግን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ያመልጣል። ድልድዩ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው። በአሮጌው ይሻገር።