ቤቱ አምሮ ኗሪውን ካልተመቸው ተሳክቷል ይባላል?

አወያይ፦ ለመነሻ የፋርንስዎርዝን ቤት እንያዝ። አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ ኢዲት ፋርንስዎርዝ ለተባለች ሐኪም አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ፎክስ ወንዝ ዳር የነደፈላት የመስታወት ቤት ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. አለቀ። ሁለቱ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል፤ ቤቱን ግን ዓለም ዛሬም ያደንቀዋል።

መሐንዲስ፦ ለእኔ አልተሳካም። ዙሪያው ነጠላ መስታወት ነው። በሙቀቱ ወራት ፀሐይ እንደ ልቧ ትገባለች፣ የሞቀው አየር ግን በቂ መውጫ የለውም፤ የሚከፈቱት በሩና በምሥራቅ ጫፍ ከታች ያሉት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ናቸው። በብርዱ ወራት ደግሞ የቤቱ እርጥበት የቀዘቀዘው መስታወት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

አርክቴክት፦ ይሄ እኮ የአሠራር ጉድለት ነው፣ ውበቱ ምን አጠፋ? ድርብ መስታወት ቢገባለት ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። ወለሉ ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ከፍ ያለውም ለጎርፉ ታስቦ ነው።

መሐንዲስ፦ ጎርፉማ እ.ኤ.አ. በ1954ም በ1996ም ወለሉን አልፎ ገብቷል። ድርብ መስታወት ስትል ደግሞ ክብደቱን አስብ። መስታወቱ ሲከብድና ሲወፍር ፍሬሙም አብሮ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ የምታደንቀው ቅጥነት የለም። ቅጥነቱ የተገኘው ምቾት ተቀንሶ ነው የምልህ ለዚህ ነው።

አናጢ፦ ወንበርም ላይ ያው ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ለጆንሰን ዋክስ ኩባንያ መሥሪያ ቤት የነደፈው የጸሐፊዎች ወንበር ሦስት እግር ነበረው፤ ሁለቱን እግሯን መሬት ላይ ያላሳረፈች ጸሐፊ ትገለበጥ ነበር። በኋላ አራተኛ እግር ተጨመረለት። አሁን ደግሞ ለፎቶ የሚያምረው ዝቅ ያለ ሰፊ ሶፋ አለ። የመቀመጫው ጥልቀት 65 ሳንቲ ሲሆን አጭር ሰው ወይ ጀርባው መደገፊያው ላይ አይደርስም፣ ወይ እግሩ ይንጠለጠላል። ከ50 እስከ 55 ሳንቲ ይበቃል። ተደግፈው ሲቀመጡ በጉልበት እጥፋትና በመቀመጫው ጠርዝ መሃል ሦስት ጣት መግባት አለበት። ከፍታውን ሰው ተቀምጦበት ለኩ፤ ባዶውን 45 ሳንቲ የነበረ ለስላሳ ስፖንጅ ሲሰምጥ 36 ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ላይ መነሳት ደግሞ ለአዛውንት ጭንቅ ነው።

አርክቴክት፦ በወንበሩ እስማማለሁ። በቤት ግን ውበትንም ምቾትንም ማግኘት እንደሚቻል አዲስ አበባ ላይ ላሳያችሁ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በደቡብ መስኮት የምትገባው ለከተማው ብርድ ደግ ነው፤ ሰፊ መስታወት እዚያ ይሁን። የሚያስቸግረው ምዕራብ ነው፦ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከላይ የወጣ ክፈፍ አይከልላትም። የቆሙ የጥላ ክንፎች ያስፈልጋሉ፣ እነሱም ከመስታወቱ ውጭ። መጋረጃ ብርሃኑን ይከለክላል እንጂ፣ ሙቀቱ እሱ ጋ ሲደርስ ቀድሞ ቤት ገብቷል።

መሐንዲስ፦ ክንፎቹን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ካስገባሃቸው ተቀብያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን “የፊቱን ገጽታ ያበላሻል” ተብለው መጀመሪያ የሚሰረዙት እነሱ ናቸው።