የቆየ ዴስክቶፕ ብሉ ስክሪን ሲያወጣ፦ ራም ከመግዛታችሁ በፊት በምን ትፈትሹታላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ሱቃችን ውስጥ የካሜራ ካርድ የተሰካበት የቆየ ዴስክቶፕ አለ፤ ዊንዶውስ 7፣ ባለ 64 ቢት። ራሙን ከ2 ወደ 6 ጊጋ ካሳደግነው ወዲህ ብሉ ስክሪን (ማሽኑን የሚያቆም ሰማያዊ የስህተት ገጽ) ያወጣል። ስህተቱ ላይ የሚጠራው ፋይል ደግሞ በየጊዜው ይለያያል። አንድ ጥገና ቤት ፎርማት አድርጎ መለሰልን፤ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። ሌላ ራም ልግዛ? ጥሩ መፈተሻ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ ራሙ ነው ወይስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የሚለውን ለይ።

ለራሙ ሜምቴስት86 ፕላስን እመክርሃለሁ። ነፃ ነው፤ ፍላሽ ላይ ጭነህ ቡት ታደርገዋለህ። ስሙ የሚመሳሰለው ሜምቴስት86 (ያለ ፕላስ) ጥሩ ቢሆንም አዲሶቹ ቨርዥኖች ዩኢኤፍአይ (አዲሱን የኮምፒውተር ማስነሻ) ይፈልጋሉ፤ የድሮ ባዮስ (የቀድሞው ማስነሻ) ባለው ማሽን ላይ አይነሱም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መፈተሻ ለመጀመሪያ ቅኝት ይሆናል እንጂ እኔ አልመካበትም። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ክፈተውና እስኪነጋ ይሥራ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካወጣ ራሞቹን አውጥተህ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ጥረግ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰካህ ድገም።

ንጹሕ ሆኖ ካደረ ግን ጥርጣሬዬ ካርዱ ላይ ነው። ቺፑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 878ኤ የሚል ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ቺፕ ምስሉን ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ራም ላይ ይጽፋል፤ የሚያውቀው ግን የ32 ቢት አድራሻ ብቻ ስለሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለው ቦታ አይታየውም። በደንብ የተጻፈ ድራይቨር ምስሉን መጀመሪያ ከ4 ጊጋ በታች ያሳርፍና ከዚያ ይገለብጠዋል። በግዴለሽነት የተጻፈው የአድራሻውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፦ 4.5 ጊጋ ላይ መጻፍ የነበረበት 0.5 ጊጋ ላይ ያርፋል። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ሁሉ ይበላሻል። ዛሬ የፋይል ሲስተሙ፣ ነገ የስክሪኑ ድራይቨር ተጠያቂ ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። ፎርማት ይህን አይነካውም፤ ያው ድራይቨር ተመልሶ ይጫናላ።

ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ ማስተካከያ) ክፈት፣ ቡት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ማክሲመም ሜሞሪ ላይ 3072 (ሜጋባይት፣ ማለትም 3 ጊጋ) ጻፍና ሪስታርት አድርግ፤ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን ቦታ አይነካም። ብሉ ስክሪኑ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

ካልጠፋ፣ ብሉስክሪንቪው ሚኒደምፕ ፋይሎቹን (ማሽኑ ሲወድቅ የሚመዘገቡትን) በቀላሉ ያሳይሃል፤ ግን የሚነግርህ የወደቀውን እንጂ የገፋውን አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ዊንዲቢጂ ይበልጣል፤ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ላፕቶፕ ወስደህ ክፈታቸው። ከሁሉም የምወደው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ድራይቨር ቬሪፋየርን ነው። ስፔሻል ፑልን (የድራይቨሮችን ሜሞሪ የሚጠብቀውን አማራጭ) ስታበራ ከተፈቀደለት ቦታ አልፎ የሚጽፍን ድራይቨር እዚያው ይይዘዋል። የማይክሮሶፍት ያልሆኑትን ብቻ ምረጥ። ማሽኑ መነሳት እምቢ ቢል በሴፍ ሞድ ገብተህ ቬሪፋየር ሪሴት (verifier /reset) የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። አንድ ነገር ግን ዕወቅ፦ ካርዱ ራሱ በቀጥታ የሚጽፈውን ስፔሻል ፑል አያየውም። 3072ን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ። ራም መግዛት ግድ ከሆነ ያገለገለ መርካቶ ይገኛል፤ ግን የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 (የራም ትውልዶች) ሁለቱም 240 ፒን ናቸው፤ የሚለያቸው ጥርሳቸው መሃል ያለው ቁርጥ ቦታ ነው። ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር2 በርካሽ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ጥገና ቤት ስትመርጡም «ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ራሙን በምን ትፈትሻላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቤት ዳታችሁን አትስጡ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሜምቴስት ሌሊቱን ንጹሕ ነበር፤ ቺፑም 878ኤ ነው። 3072 ካደረግኩ አምስተኛ ቀኔ፣ አንዴም አልወደቀም። እንዲሁ ልተወው?

መልስ፦ ተወው። ከአምራቹ አዲስ ድራይቨር ካላገኘህ በቀር ቁጥሩን አትንካ። ትርፉን ራም አውጥተህ ሒሳብ የምትሠራበት ማሽን ላይ ስካው፤ ለካሜራው የድሮው 2 ጊጋ ይበቃዋል።