ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ሲሆኑ ከባሕር ዳር ለመልቀቅ በምን ይወስናሉ?

ጥያቄ፦ የሳሮን እናት
በመንግሥት ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ሲቪል መሐንዲስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ድርጅት አሁን የሚያገኘውን 20,000 ብር ወደ 40,000 አሳድጎለት ሰኔ 1 ሥራ እንዲጀምር ጠይቆታል። ዓባይ ማዶ የራሳችን ቤት አለን፤ ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እናቴም የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። እሱ አብረን እንሂድ ይላል፤ እኔ ግን ሥራዬን ለቅቄ የእሱን ደመወዝ ጠባቂ መሆን አልፈልግም። በምን መዝነን እንወስን?

መልስ፦ የሰው ሀብት ባለሙያ
ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ሥራ አትልቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ባለቤትዎ ሰኔ 1 ቢገቡ የሙከራ ጊዜያቸው የሚያልቀው ነሐሴ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ስለሆነ፣ እርስዎ እስከዚያ ከሥራዎ ሳይነቃነቁ መጠበቅ ይችላሉ። ኋላ ወደ ግል ሆስፒታል ቢገቡም ጡረታ የከፈሉባቸው ዓመታት ይደመሩልዎታልና የአገልግሎት ማስረጃዎን ሳይዙ አይውጡ።

መልስ፦ ሄዶ የተመለሰ
እጥፍ ደመወዝ እጥፍ ገቢ አይደለም። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ስለሚቆረጥበት፣ ከተጨመረው 20,000 ላይ 7,000 ለግብር፣ 1,400 ደግሞ ለጡረታ ሄዶ እጃችሁ የሚገባው 11,600 ብር ነው። እናንተ ዛሬ የቤት ኪራይ አትከፍሉም፤ እዚያ ግን ትከፍላላችሁ፤ የእርስዎም ደመወዝ ከቀረ ሒሳቡ ወደ ኪሳራ ያዘነብላል። እኛ ይህን ያሰላነው ዕቃችንን ከጫንን በኋላ ነበር። አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖርም ቀላል አይደለም፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም በየሳምንቱ የሚቻል ወጪ አይደለም፤ በመኪና ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

መልስ፦ የጊዮርጊስ ሰፈር እናት
ልጄ፣ እናትሽን ጠይቀሻቸዋል? በዚህ ዕድሜ ዕድራቸውን ጥለው፣ የሚያውቃቸው ጎረቤት በሌለበት አገር የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣት እንዴት ይሆንላቸዋል?

የሳሮን እናት፦
እናቴን አለመጠየቄ አሳፈረኝ፤ ትናንት ማታ ጠየቅኋት። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤቴን እጠብቃለሁ» አለችኝ፤ ብቻዋን ትቼያት እንደማልሄድ ግን እሷም ታውቃለች። ባለቤቴም የ11,600ውን ሒሳብ ራሱ ደግሞ ሠርቶ ዝም አለ። አሁን የተስማማነው እሱ ሰኔ ላይ ብቻውን እንዲሄድና ዘመድ ቤት እንዲያርፍ፣ እኔም የዝውውር ማመልከቻዬን አስገብቼ መልሱን ሥራ ላይ ሆኜ እንድጠብቅ ነው። ዝውውሩ እስከ ነሐሴ ካልተገኘ ሳሮን አራተኛ ክፍልን እዚሁ ትጀምራለች።