«100% በስባሽ» የተባለው ፌስታል እውነት ይበሰብሳል?

ሮማን_ገርጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ፣ ሰፈሬ ያለ ሱፐርማርኬት አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ፌስታል መሸጥ ጀመረ። «100% በስባሽ፣ የአካባቢ ወዳጅ» ይላል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ከዚያ አንዱን ጓሮ ቀበርኩት። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ቆይቶ ሳወጣው ቅጠሉ እንኳ አልደበዘዘም። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ፣ ልጆቼን «ይሄኛው ጥሩ ነው» ብዬ ማስተማሬ ነው። ምን ይሻለኛል?

የኬሚስትሪ_መምህር፦
እህቴ፣ «በስባሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርሽም። በስንት ጊዜ? የት? አንዳንዱ ያው ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ እንዲፈረካከስ ኬሚካል ጨምረውበት፣ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ደቅቆ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ይሄን «ኦክሶ» የሚሉትን ዓይነት የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። ከበቆሎ ስታርች ምናምን የሚሠራም አለ። እሱ የእውነት ይበሰብሳል፣ ግን ብዙው ወደ 60 ዲግሪ የሚሞቅ የኮምፖስት ማምረቻ ይፈልጋል። ጓሮሽ ይህን ያህል አይሞቅም። ደግሞ ያ ጨርቅ የሚመስለው ቦርሳ፣ ብዙ ሰው ጥጥ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። እሱም ፕላስቲክ!

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካም ያው ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ፣ አንድ ዕቃ ሰው እንደወትሮው ጥሎት በ1 ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልበሰበሰ ዝም ብላችሁ «በስባሽ» አትበሉት ይላል። ያቺ ቁጥር ያለባት የቀስት ሦስት ማዕዘንም ለዓመታት ሸውዳኛለች። ለካ ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ነው፣ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት አይደለም።

ሸማች_ነኝ፦
ሮማን፣ ዝም እንዳትዪ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል። የፌስታሉን ፎቶ አንሺ፣ ደረሰኝሽን ያዢ፣ ሱቁን «የምርመራ ወረቀቱን አሳዩኝ» በያቸው። ካላሳዩሽ ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ በበኩሌ የእናቴን ዘንቢል ይዤ ነው ገበያ የምወጣው።

ሮማን_ገርጂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኙ አለኝ። ባለሱቁን መጀመሪያ በሰላም አናግረዋለሁ፣ ምናልባት እሱም አከፋፋዩ ያለውን አምኖ ይሆናል። አሁን ሳገላብጠው ፌስታሉ ላይ የአምራቹ ስም የለም። ከዚያ ነው የምጀምረው።