«አቅም የሌለው ከመንገድ ይውጣ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለ አንድ መኪና፣ ዴንቨር፦
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን የከባድ መኪና ኢንሹራንስ ነገር ተነሣ። ሃያ መኪና የሚያሠሩ አንድ ታላቃችን «ወለሉ (ሕግ የሚያዝዘው ዝቅተኛው የኢንሹራንስ ሽፋን) ከፍ ቢል ደግ ነው፤ አቅም የሌለው ከመንገድ ይውጣ» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። በ1980 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከግዛት ወደ ግዛት ተራ ጭነት የሚያመላልስ ድርጅት ቢያንስ የ750,000 ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን ሊኖረው ይገባል። በ2020 የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ወደ 2 ሚሊዮን ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሆኖ ቢሆን እኔ ዛሬ ታክሲዬ ላይ ነበርኩ። ያገለገለ ፍሬይትላይነር ከባድ መኪና የገዛሁት ዐሥር ዓመት ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለኢንሹራንስ ብቻ በወር 1,600 ዶላር ከፍያለሁ፤ አንድም ሰው ሳልጭር። አቅም የሌለው የተባለው እንግዲህ እኔ ነኝ?

እህት፣ ቨርጂኒያ፦
«አንድም ሰው ሳልጭር» ያልከው አመመኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ ወንድሜ፤ ወደፊትም አትጫር። የእኔን ታናሽ ግን ከባድ መኪና ከኋላ ገጭቷት አራት ወር ሆስፒታል ተኛች። ባለቤቱ እንዳንተው ባለ አንድ መኪና ነበር። 750,000 ዶላሩ ለአንድ አደጋ እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም፤ አብረዋት የተጎዱ ሁለት ሰዎች ስለነበሩ ለሦስት ተከፋፈለ። የሆስፒታሉ ዕዳና የጠበቃው ድርሻ ሲነሣለት የተረፈው የአንድ ዓመት አስታማሚ አይቀጥርም። ያ ቁጥር ሲወሰን እኔ አልተወለድኩም ነበር። የሆስፒታል ዋጋ ቆሞ ጠብቆታል?

የኢንሹራንስ ወኪል፣ አትላንታ፦
ስለ ወለሉ ስትከራከሩ ዋናው ነገር አመለጣችሁ። አብዛኞቹ ብሮከሮች፣ ማለትም ጭነት የሚያገናኙ ደላሎች፣ የ1 ሚሊዮን ሽፋን ለሌለው ጭነት አይሰጡም። የ100,000 ዶላር የጭነት ሽፋንም ይጠይቃሉ፤ ይህን ደግሞ የፌዴራል ሕግ ለተራ ጭነት አያስገድድም። አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ክፍያውን፣ የሚሰቅለው አዲስነት ነው። የጭነት ሥራ ፈቃድ ቁጥርህ ዛሬ ከወጣ የኢንሹራንስ ኩባንያው ስለ አንተ የሚያነበው ታሪክ የለም። መኪናው የሚያድርበት ሰፈር፣ የምትሄድበት ርቀት፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ዕድሜ፣ ሁሉም ይቆጠራል። አንድ ወር ሳይከፍል ቀርቶ ሽፋኑ የተቋረጠበት ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው ዋጋ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደንበኞቼን ሁለት ዓመት በሌላ ድርጅት ፈቃድ ሥር ሥሩ፣ ከዚያ የራሳችሁን አውጡ እላለሁ።

ባለ አንድ መኪና፣ ዴንቨር፦
ሠርቻለሁ እኮ! ሦስት ዓመት! በየሳምንቱ ከሒሳቤ ላይ 350 ዶላር «ለኢንሹራንስ» ይቆረጥ ነበር። የራሴን ቁጥር ሳወጣ ኩባንያው «የአደጋ ታሪክህን አምጣ» አለኝ። ለካ ታሪኩ የተጻፈው በድርጅቱ ስም ነው። እኔ ከፈልኩ፣ እነርሱ ስም አተረፉ።

ባለ ሃያው፦
ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጄ፣ እኔን ከመጠየቅህ በፊት አደባባይ ማውጣትህ አሳዝኖኛል። አቅም ያልኩት ገንዘብን አይደለም። አደጋ ካደረሰ በኋላ ድርጅቱን ዘግቶ በሚስቱ ስም አዲስ ቁጥር የሚያወጣውን ነው። በኢንሹራንስ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሾፌር ሌሊት የሚያስነዳውን ነው። የእነዚህን ኪሳራ በየእድሳቱ የምንከፍለው እኔና አንተ ነን። እኔም በአንድ መኪና ነው የጀመርኩት።

ባለ አንድ መኪና፣ ዴንቨር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን አቅም አቅም ነው። አጭበርባሪ ማለት ከፈለጉ አጭበርባሪ ይበሉ፤ ቃሉ በአማርኛ ሞልቷል። ደግሞ ወለሉ 2 ሚሊዮን ቢሆን አጭበርባሪው ነገ በሌላ ስም ይመጣል፤ የሚወጣው የሚከፍለው ሰው ነው።

ተቀጣሪ፣ ዳላስ፦
በአንድ መኪና መጀመርዎ እውነት ነው፤ ግን መቼ? ያኔ ኢንሹራንሱ እንደዛሬ አልነበረም። ሌላም ጥያቄ አለኝ። በእርስዎ ፈቃድ ሥር መኪናቸውን ይዘው የሚሠሩ ልጆች አሉ። መኪናቸውን ለድርጅት አከራይተው ለሚሠሩ የወጣው የፌዴራሉ የኪራይ ውል ደንብ፣ ክፍል 376፣ ከባለ መኪናው የሚቆረጥ ነገር ሁሉ በውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ የኢንሹራንሱም ፖሊሲ ቅጂ ሲጠየቅ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሰጥተው ያውቃሉ?

ባለ ሃያው፦
የጠየቀኝ የለም።

ተቀጣሪ፣ ዳላስ፦
መጠየቅ እንደሚችሉ የነገራቸውስ አለ?

ባለ ሃያው፦
ስለ ወለሉ ጀምረን ስለ ደብተሬ ሆነ። ቅጂ የሚፈልግ ሰኞ ቢሮዬ ይምጣ።

የኢንሹራንስ ወኪል፣ አትላንታ፦
ሰኞ የሚሄድ ካለ አንድ ነገር ይጠይቅ። ድርጅቱ ከኢንሹራንስ ኩባንያው የአምስት ዓመት የኪሳራ መግለጫ፣ ማለትም የደረሱ አደጋዎችንና የተከፈለውን ካሣ የሚያሳይ ወረቀት፣ ማግኘት ይችላል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ «ይህ ሰው ከእኛ ጋር በነበረበት ጊዜ አደጋ አላደረሰም» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍ፣ አንዳንድ ኩባንያ ይቀበለዋል። ሁሉም አይደለም።

እህት፣ ቨርጂኒያ፦
ደብዳቤ፣ ደብተር፣ ቅጂ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ወለሉ ባለበት ይቆይ የምትሉ፣ የእህቴን ቀሪ ወጪ ማን ይክፈል?

ባለ አንድ መኪና፣ ዴንቨር፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው፤ መልስ የለኝም። ጭነቱን የሰጠው ብሮከርም የላከው ነጋዴም ድርሻ ቢኖራቸው እላለሁ። ለምን ሁሉም ከእኔ መኪና ላይ ይነሣል?

እህት፣ ቨርጂኒያ፦
የገጫት መኪናው ነዋ።

ተቀጣሪ፣ ዳላስ፦
ጋሼ፣ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?