ወላጆች ተፈራርመው «መምህሩ በሃይማኖቱ ይባረር» ሲሉ ትምህርት ቤት ምን ያድርግ?

ምክትሏ (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ኬሚስትሪ የሚያስተምር ፕሮቴስታንት መምህር አለን። ጥምቀት ሰሞን በራሱ ፌስቡክ ላይ ስለ ታቦት የሚያምነውን ጻፈ። ስድብ የለበትም፤ ግን ከተማው ታቦት አጅቦ በወጣበት ሳምንት ስለሆነ ብዙ ሰው አስቆጣ። ሰኞ ጠዋት ወላጆች ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ተፈራርመው፣ ስክሪን ሾቱን በስቴፕለር አያይዘው ቢሮዬ ድረስ አመጡልኝ። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ ልጆቻችንን እናስወጣለን» ይላል።

ቦርዱ ደግሞ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብሎ ይፈርም፣ የየካቲትን ደመወዝ ጨምረን እንሸኘው» አለ። ደብዳቤውን እንዳረቅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

የግል ማኅደሩን አወጣሁ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ የለበትም። ተማሪዎቹን ጠየቅኩ፤ ክፍል ውስጥ ሃይማኖት አንስቶ አያውቅም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጽሑፉም አስከፍቶኛል። ነገር ግን የሰው እንጀራ በእምነቱ ምክንያት በእኔ እጅ ሲቆረጥ ሕሊናዬ አይቀበለውም። ሕጉ ምን ይላል?

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሙስሊም ተማሪዎች ዓርብ ለጁምዓ እንውጣ ብለዋል።

ጠበቃ ከግሽ ዓባይ፦

እህቴ፣ ያንን ደብዳቤ አያርቅቁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ትምህርት ቤትን ይመለከታል። አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ሃይማኖትና የፖለቲካ አመለካከት ይገኛሉ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱት ጥፋቶች አንቀጽ 27 ላይ አሉ፤ ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት «ወላጅ ተቆጣ» የሚል አያገኙም።

ቢያሰናብቱት መምህሩ በ3 ወር ውስጥ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ይከሳል። ምክንያቱ ሃይማኖት መሆኑ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ የሚያዘው እንዲመለስ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝም ሊወስንለት ይችላል። መመለሱን ካልፈለገ አማካይ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል።

ቦርዱ መልቀቂያዋ የምታድነው መስሎታል። እንዲህ ያለ ወረቀት ችሎት ላይ ሲፈተሽ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው። አቤቱታው ሰኞ ገብቶ፣ መልቀቂያው ረቡዕ በትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ተተይቦ ከወጣ ፈቃዱ ምኑ ላይ ነው?

አቤቱታውን መዝገብ ላይ አስፍረው ይቀበሉ። መምህሩን ጠርተው መልሱን በጽሑፍ ይውሰዱ። ክፍል ውስጥ ሰብኮ ወይም ተማሪን በእምነቱ አሸማቅቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፣ ይህም ኦርቶዶክሱንም ሙስሊሙንም መምህር እኩል ያስራል። ጽሑፉ ጥላቻ ይሰብካል የሚል ካለ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ያንን የሚመዝነው ግን ፍርድ ቤት ነው፤ የወላጅ ኮሚቴ ሥልጣን የለውም።

የሁለት ተማሪዎች አባት፦

የመምህሩን መብት ሰማን፣ የወላጁስ? ልጄን በእምነቴ የማሳደግ መብት ሕገ መንግሥቱ ሰጥቶኛል። ልጄ ያንን ጽሑፍ አይታው ማታ እራት ላይ ጠየቀችኝ። ከፍዬ የማስተምረው እንዲህ ለመስማት አይደለም።

ጠበቃ ከግሽ ዓባይ፦

ወንድሜ፣ መብትዎ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ተጽፏል፣ አልክደውም። ለልጅዎ ቤትዎ ውስጥ መልስ መስጠት፣ ካልተስማማዎትም ሌላ ትምህርት ቤት ማስገባት ይችላሉ። ሰው ማስባረር ግን እዚያ ውስጥ የለም። ይኸው አንቀጽ የመምህሩንም እምነት ይጠብቃል። ሌላ ክልል ያለ ኦርቶዶክስ መምህር ስለ ጾም ጽፎ ቢባረር የምንጠቅስለት ይህንኑ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ሕጉን ጠበቃው ጨርሶታል። እኔ ስለ ወላጆቹ ልንገርሽ። በአዳራሽ እንዳትሰበስቢያቸው። ስብሰባ ላይ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው የሁሉንም አፍ ይይዛል። ሁለት ሁለት እያደረግሽ ቢሮሽ ጥሪያቸው፤ ከፈረሙት ብዙዎቹ ጽሑፉን እንኳ አላነበቡትም ይሆናል። መምህሩን ከክፍሉ አንስተሽ ላብራቶሪ ውስጥ አታስቀምጪው፤ ያም ቅጣት ነው። እሱም ከፈለገ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ጠቁሚው።

ለጁምዓው አትጨነቂ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ሰዓቱን ከ5:30 እስከ 7:30 ያደርገዋል። እናንተም የዓርብን ምሳ ወደዚያ አምጡት፤ ልጆቹ መስጊድ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ማንም ክፍለ ጊዜ አያመልጠውም። ግቢ ውስጥ ግን ለማንም እምነት የጸሎት ቦታ አትክፈቱ።

ምክትሏ (ባሕር ዳር)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል፤ አንቀጽ 26ን ኮፒ አድርጌ ይዤ እገባለሁ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ይባረር ብለው ቢወስኑ ተቃውሞዬን እዚያው ማስፈር እችላለሁ?

ጠበቃ ከግሽ ዓባይ፦

ይችላሉ፣ ከነምክንያቱ ያስፍሩት። ሁሉም ከፈረሙ በኋላም አንድ ግልባጭ ለራስዎ ያስቀሩ።