አስቸኳይ፦ የኤች ዲ 122563 አይረን 1.6 ሆኖ ወጣ፣ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

ከዚራ 21 (ድሬዳዋ)፦
እንዴት አመሻችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የማስረክበው ሥራ ተበላሸብኝ። ኤች ዲ 122563 የተባለውን ያረጀ ኮከብ በሙግ (ከኮከብ ብርሃን መስመሮች የንጥረ ነገር ይዘትን በሚያሰላው ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። 42 የአይረን መስመር አስገባሁ፣ አማካዩ በሎጋሪዝም ሚዛን 1.6! የፀሐይን 7.50 ስቀንስበት -5.9 ይመጣል። የኮከቡ ከባቢ ሞዴል ሙቀት 4600 ኬልቪን፣ ሎግ ጂ (የገጽ ስበት) 1.4፣ ሜታል -2.5፣ ማይክሮተርቡለንስ (የጋዙ ጥቃቅን ንቅናቄ) 2.0። ሦስቴ አስኬድኩት፣ ያው ነው። መብራት ሳይሄድ ድረሱልኝ።

ለገሃር፦
በመጀመሪያ «አይረን» ብለህ መጻፍህን ወድጄዋለሁ። እኛ ሁለቱንም «ብረት» ስለምንል ብዙ ሰው ይምታታል። ሜታል ሲባል ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ውጭ ያለው ሁሉ ነው፣ ካርቦንና ኦክስጅንም ሳይቀሩ። አይረን ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው፤ መለኪያ የሆነውም በሚታየው ብርሃን ውስጥ መስመሩ ስለሚበዛ ነው። እነዚህ ኮከቦች የተወለዱት ጋዙ ገና በጥቂት ሱፐርኖቫዎች ብቻ ተበርዞ ሳለ ስለሆነ፣ በውስጣቸው ያለው የንጥረ ነገር ምጣኔ የእነዚያን ፍንዳታዎች አሻራ ይዟል። ስለዚህ ቁጥሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ሀሹቃ፦
አቦ ልጁ ነገ ያስረክባል እኮ! ሞዴሉን ቀይረው። አልፋ (እነ ማግኒዚየም) +0.4 የሆነውን አውርድ፣ ያረጀ ኮከብ ማግኒዚየሙና ካልሲየሙ ከአይረኑ አንጻር ከፍ ያለ ነው።

ጨረር፦
የአልፋው ምክር ጥሩ ነው፣ ግን 3 ዴክስ (የሺህ እጥፍ ልዩነት) አያመጣም። እኔ የማልቀበለው -5.9ን ራሱን ነው። ይህ ኮከብ -2.6 አካባቢ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ኤችኢ 0107-5240 የተባለው ኮከብ በ2002 ይፋ ሲሆን -5.3 ገደማ ነበር፣ ያኔ ትልቅ ዜና ሆኗል። እንዲህ ባለ ኮከብ ላይ የአይረን መስመር የሚገኘው በብዙ ልፋት ነው። አንተ 42 መስመር በቀላሉ መለካትህ ብቻውን ቁጥሩን ውድቅ ያደርገዋል። ከዝርዝርህ ሦስት መስመር እዚህ ለጥፍ።

ከዚራ 21፦
ሪከርድ ሰበርኩ አላልኩም፣ ተበላሸ ነው ያልኩት። ይኸው፣ በስፕሎት (የመስመር መለኪያ ፕሮግራም) የለካሁት። ዓምዶቹ የሞገድ ርዝመት፣ ንጥረ ነገር (26.0 ገለልተኛ አይረን፣ 26.1 አንድ ኤሌክትሮን ያጣው)፣ የመነሻ ኃይል፣ ሎግ ጂኤፍ (የመስመሩ የተፈጥሮ ጥንካሬ) እና አቻ ስፋት (መስመሩ ከብርሃኑ የዋጠው መጠን) ናቸው፦
5216.27 26.0 1.61 -2.15 0.082
5232.94 26.0 2.94 -0.06 0.080
5197.58 26.1 3.23 -2.22 0.050

ሀሹቃ፦
ሞዴሉን ቀየርከው?

የጁገል ልጅ (ሐረር)፦
ሞዴሉን ተወው፣ የመጨረሻውን ዓምድ እይ። ስፕሎት አቻ ስፋትን የሚሰጥህ በአንግስትሮም ነው፣ ሙግ የሚጠብቀው ግን በሚሊ አንግስትሮም። 0.082 ስትለው ከእውነተኛው በሺህ እጅ ያነሰ መስመር ነው ያየው። 82.0 መሆን ነበረበት።

አማካዩ ላይ 3 ደምረህ ግን እንዳታስረክብ! 4.6 ይሆናል፣ እሱም ስህተት ነው። ደካማ መስመር ላይ ስፋትና ይዘት እኩል ስለሚጨምሩ የጎደለው ልክ 3 ዴክስ ነው። ጠንካራው መስመር ግን መሀሉ ሞልቶ ስለጠገበ ስፋቱ ጥቂት ለመጨመር ብዙ አይረን ይፈልጋል፤ በሺህ ሲካፈል ደግሞ ሙግ ጥጋቡን ጨርሶ አያየውም፣ ከ3 በላይ ይጎድላል። ውጤትህን በስፋት ደርድረው፦ ደካሞቹ 1.9 አካባቢ ሆነው ጠንካሮቹ ወደ 1.4 ከወረዱ ችግሩ ይኸው ነው።

ዓምዱን በሙሉ በ1000 አባዛና እንደገና አስኪድ። ስታስተካክል ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሙግ የፋይሉን የመጀመሪያ ረድፍ እንደ ርዕስ ነው የሚወስደው፤ ርዕስ ካልጻፍክ አንድ መስመር ይበላብሃል። ፍሪፎርም (ዓምዶችን በክፍተት ብቻ የሚለየውን አማራጭ) ካላበራህ ደግሞ እያንዳንዱ ዓምድ 10 ቦታ ይይዛል፣ ከሎግ ጂኤፍ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ባዶ ቢሆኑም ቦታቸው መጠበቅ አለበት። ከ120 ሚሊ አንግስትሮም የሚበልጡትን አውጣቸው። 5269.54 በዝርዝርህ ካለ እሱም ይውጣ።

ጨረር፦
ትክክል። ከዚያ በኋላ 26.0 ከ26.1 ዝቅ ብሎ ቢመጣ አትደንግጥ። ሜታል ባነሰበት ከባቢ የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያግደው ስለሚቀንስ ገለልተኛውን አይረን ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፣ ኤልቲኢ (ሙግ የሚጠቀመው ቀለል ያለ ግምት) ደግሞ ይህንን አይቆጥርም። ሁለቱን ለማስታረቅ ብለህ ሎግ ጂውን አትጎትት፣ ከልክ በታች ይወርድብሃል። ስበቱን ከፓራላክስ (ከኮከቡ ርቀት መለኪያ) አውጣና 26.1ን እመን። 4600ውንም አትንካው፣ የኮከቡ ዲያሜትር በኢንተርፌሮሜትሪ (ቴሌስኮፖችን በማጣመር) ተለክቶ የተገኘው ሙቀት እዚያው ነው።

ሀሹቃ፦
ዩኒት ነው ለካ! ከዚራ፣ ስንት ወጣልህ?

ለገሃር፦
መብራት ሄዶበት ይሆናል፣ ሲመለስ ያነበዋል። ባሪየምም የምትሠራ ከሆነ 4554.03ን በአቻ ስፋት አታስላው። ጠንካራ ነው፣ በአይሶቶፖቹ ምክንያትም ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በሲንተሲስ (የመስመሩን ቅርጽ በስሌት ሠርቶ ከተለካው ጋር በማነጻጸር) ነው የሚሠራው። በአቻ ስፋት ከሆነ 5853.67 ይሻልሃል። እሱንም በ1000 ማባዛት እንዳትረሳ።